ምዕራፍ አምስት፦ በጥቁሩ መካከል ያለው ቀይ

ከወልድያ ተነስቶ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ ሲሠራ ተራራው በብዙ ቦታ ተቆርጧል። ተሳፋሪ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ገደሉ ነው፤ አይፈረድበትም፣ ገደሉ ያስፈራል። የዚህን ምዕራፍ ጉዳይ ለማየት ግን ፊትን ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ተቆረጠው ግድግዳ ማዞር ያስፈልጋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ከሥር ወፍራም ጥቁር ድንጋይ አለ። ከእሱ በላይ ቀጭን ቀይ መስመር። ከዚያ ሌላ ወፍራም ጥቁር፣ ከዚያም እንደገና ቀይ። ተራራው እንዲህ እየተደራረበ ወደ ላይ ይቀጥላል።

ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣ፣ ፈስሶም የረጋ ድንጋይ። ቀዩ ደግሞ አፈር ነው። የታችኛው ላቫ ከረጋ በኋላ ዝናብ እየመታው፣ ፀሐይ እየሰነጠቀው፣ ሥር እየገባበት ላዩ በስብሶ አፈር ሆነ። ከዚያ ቀጣዩ ላቫ መጣና ተኛበት፤ ጠበሰውም። ቅላቱ ከሁለቱም የመጣ ነው፦ በሙቀትና በእርጥበት የዛገ ብረት አለበት፣ ከላይ የወረደበት እሳትም አለበት።

ይህን ግድግዳ የሚያይ ሰው ወፍራሙ ረጅም ጊዜ የፈጀ፣ ቀጭኑ በአጭር ጊዜ የተሠራ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሃያ ሜትር ውፍረት ያለው ባዛልት በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል። ከላዩ ያለው አንድ ክንድ የማይሞላ ቀይ አፈር ግን፣ ድንጋይ በስብሶ አፈር እስኪወጣው ድረስ፣ ሺህ ዓመታትን አንዳንዴም አሥር ሺዎችን ይጠይቃል። ስለዚህ በሰሜን ወሎ ተራሮች ጊዜው በአብዛኛው የተቀመጠው በቀዩ ውስጥ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ባዛልት ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ እሳቱ ነው፤ እኔ እሳቱን ባልተወውም በአንዱ ላቫና በሌላው መካከል ላለው ዕረፍት አደላለሁ።

መጀመሪያ ዘመኑን በቦታው እናስቀምጠው። የምድር ዕድሜ 4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ኦሊጎሲን የሚባለው ዘመን የዛሬ 33.9 ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ የዛሬ 23 ሚሊዮን ዓመት ያበቃል። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ጂኦሎጂስት ሃይንሪሽ ባይሪሽ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1854 ነበር። ዳይኖሰሮች ከጠፉ 32 ሚሊዮን ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የመጣ፣ የሰው ዘር ደግሞ ገና ወሬው ያልነበረበት ዘመን ነው።

ኦሊጎሲን የጀመረው በብርድ ነው። ከእሱ በፊት በነበረው ኢዮሲን ምድር ሞቃት ነበረች፤ በዋልታዎቿም ይህ ነው የሚባል ግግር በረዶ አልነበረም። 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ አንታርክቲካ በረዶ ለበሰች፣ የውቅያኖሱም ከፍታ ዝቅ አለ። በእስያ ፓራሴራቴሪየም የተባለ፣ ቀንድ የሌለው ግዙፍ የአውራሪስ ዘመድ የዛፍ ጫፍ ቅጠል ይቀነጥስ ነበር። በግብፅ ፋዩም ኤጂፕቶፒቴከስ፣ የዝንጀሮዎችም የእኛም የሩቅ ዘመድ፣ ዛፍ ላይ ይኖር ነበር። አፍሪካና ዓረቢያ አንድ ምድር ነበሩ፤ ቀይ ባሕር የሚባል ውሃ የለም። ዛሬ ወልድያ ካለችበት ቦታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተነሳ እንስሳ፣ ጉልበት ካለው፣ እግሩን ውሃ ሳያስነካ ሰንዓ መድረስ ይችል ነበር።

ወልድያ ካለችበት ቦታ ስል፣ ተራራውም ገደሉም ያኔ እንዳልነበረ አንባቢ ይያዝልኝ። ከባዛልቱ በፊት ምን እንደነበረ ለማየት ባዛልቱ ተሸርሽሮ ሥሩ ወደታየበት፣ ወደ መቐለ ዙሪያ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ መሄድ ያሻል። እዚያ ከጥቁሩ በታች አሸዋ ድንጋይና ኖራ ድንጋይ ይገኛል። ኖራ ድንጋዩ በዳይኖሰሮች ጊዜ፣ በጁራሲክ ዘመን፣ አገሩን አልብሶት ከነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር የቀረ ነው። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ምድሩ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲበሰብስና ሲጠረግ ቆየ፤ ላቫው የመጣውም በዚህ አሮጌ ምድር ላይ ነው።

የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከጥልቅ የተነሳ እጅግ የጋለ ዐለት የአፍሪካንና የዓረቢያን ወለል ከሥር ገፋው። ሳይንቲስቶች ይህን ወደ ላይ የሚወጣ የጋለ ዐለት የአፋር ፕሉም ይሉታል። እሳተ ገሞራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጫፉ የተቦረቦረ ሹል ተራራ ነው። ያኔ የሆነው ሌላ ነው፦ ምድሩ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፈተና ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ የጋለ ቀጭን ላቫ እንደ ጎርፍ ወጣ። ሸለቆውን ሞላ፣ ጉብታውን ዋጠ፣ ሜዳ አደረገው። ከዚያ በላዩ ሌላ መጣ።

በዛሬዋ ኢትዮጵያ ይህ ባዛልት 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሸፈነ ይገመታል፤ ከአገሪቱ ስፋት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በሰሜን ምዕራብ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የፈሰሰው መጠን በድምሩ 350,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ይህ ቁጥር እንዲሁ ቢነገር ስሜት አይሰጥም፤ ስለዚህ ሒሳቡን ልሥራው። ያን ሁሉ ድንጋይ በዛሬዋ ኢትዮጵያ ላይ፣ ከመተማ እስከ ኦጋዴን፣ እኩል ብናነጥፈው ውፍረቱ 300 ሜትር ያልፋል።

ሰዎች በዓይናቸው ካዩዋቸው የዚህ ዓይነት ትልልቅ ፍሰቶች የአንዱ ጊዜ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1783 በአይስላንድ ላኪ የተባለ ስንጥቅ ተከፈተና በስምንት ወር ውስጥ 15 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ላቫ ተፋ። ጋዙ ሣሩን መረዘው፣ ከብቱ አለቀ፣ ከአይስላንድ ሕዝብም አንድ አምስተኛ የሚሆነው በረሃብ አለቀ። ጭጋጉ አውሮፓ ድረስ ሄዷል። የኢትዮጵያው ባዛልት ከሃያ ሦስት ሺህ ላኪዎች ጋር ይስተካከላል። ዋናው ፍሰት የተጠናቀቀው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ በየአርባ ሦስት ዓመቱ አንድ ላኪ እንደማለት ነው።

ግን እንዲህ እኩል እኩል ተከፋፍሎ አልመጣም፤ ምስክሩ ደግሞ ቀዩ መስመር ነው። በአርባ ዓመት ድንጋይ አፈር አይሆንም። እሳቱ ከላኪ እጅግ የበለጠ እየሆነ ይመጣ፣ ከዚያም ለብዙ የሰው ዕድሜ ያህል ጸጥ ይል ነበር። በጸጥታው ውስጥ ቀዝቃዛው ላቫ ላይ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎም ዛፍ ይበቅላል፤ ወንዝ መንገድ ያበጃል፤ እንስሳ ይመለሳል። ሌላ ስንጥቅ እስኪከፈት ድረስ።

አንዱን ፍሰት ብቻ ነጥለን ከሥር ወደ ላይ እንመልከተው። ከቀዩ አፈር ጋር የሚነካካው የታችኛው ክፍል የተሰባበረ ነው፤ ላቫው እየገፋ ሲመጣ ቀድሞ የረጋው ቅርፊቱ እየተሰበረ ከእግሩ ሥር ስለገባ። ከዚያ በላይ ያለው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ መዶሻ ሲያርፍበት የሚጮህ ድንጋይ ነው። ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ እየተኮማተረ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ የተስተካከለ በሆነበት ቦታ ድንጋዩ አምስትና ስድስት ጎን ያለው ቋሚ ዓምድ ሆኖ ይታያል። ወደ ላይኛው ክፍል ሲደረስ ደግሞ ድንጋዩ ዓይን ዓይን ያወጣል፤ ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ዓይን የሚያወጣበት ምክንያትና ይህ አንድ ነው፣ ወደ ላይ የሚያመልጥ ጋዝ ነው። ልዩነቱ የድንጋዩ ዓይን ባዶ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ለሚሊዮን ዓመታት የሰረገ ውሃ ነጭ ማዕድን ሞልቶበታል፦ ዜኦላይት፣ ካልሳይት፣ አልፎ አልፎም ካልሲዶኒ። ጎርፍ ካለፈ በኋላ በወንዝ ዳር ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት ጥቁር ጠጠር ያነሳ ሰው የያዘው ይህንኑ የፍሰቱን አናት ነው።

ድንጋይ ጠራቢዎች ይህን ልዩነት ከጂኦሎጂስት ቀድመው ያውቁታል። ለመሠረትና ለካብ የሚፈለገው የመካከሉ ጥቅጥቁ ነው፤ ዓይናማውን ለሌላ ያውሉታል። ላሊበላ ላይ ግን ምርጫው ተገልብጧል። እዚያ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉት በቀዩና ዓይናማው የኦሊጎሲን ባዛልት ውስጥ ነው፤ ለመሮ የሚታዘዝ በመሆኑ። ዛሬ ጠጋኞችን የሚያስጨንቃቸውም ይኸው ባሕርዩ ነው፦ ለመሮ የታዘዘ ድንጋይ ለዝናብም ይታዘዛል።

ይህን ተራራ እንደ መጽሐፍ ለማንበብ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ የመጣው ከጦር ሠራዊት ጋር ነው። ዊልያም ብላንፎርድ በህንድ ጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት የሚሠራ እንግሊዛዊ ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ከዙላ እስከ መቅደላ ተጉዟል። ጦሩ አፄ ቴዎድሮስን ሲፈልግ እሱ ድንጋይ ይሰበስብ ነበር። በአሸንጌ፣ በዋድላና በደላንታ በኩል ሲያልፍ ያየው ደረጃ ደረጃ የሆነ ጥቁር ተራራ በህንድ ደካን የሚያውቀውን ባዛልት የሚመስል ነበር። ዝቅ ብሎ ለሚገኘው የአሸንጌን፣ ከፍ ብሎ ለሚገኘው የመቅደላን ስም ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ አገሩ ጂኦሎጂና እንስሳት ከተጻፉት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት አይባን፣ አላጄንና ጣርማ በርን ጨመሩበት፤ የአሸንጌ ስምም በጂኦሎጂ ካርታ ላይ ቆይቷል። ከመቅደላ ብዙ ነገር ተዘርፎ ሄዷል፤ ያ ሰው ግን ቢያንስ የቦታውን ስም ለሳይንስ አስቀርቷል።

ብላንፎርድ የድንጋዩን ዕድሜ ማወቅ አልቻለም፤ መቁጠሪያው አልተፈጠረም ነበር። መቁጠሪያው በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነው። ከፖታሲየም ዓይነቶች አንዱ፣ ፖታሲየም 40፣ በጣም በዝግታ ይለወጣል፣ ከፊሉም አርጎን ጋዝ ይሆናል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ላቫ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል። ሲረጋ ግን መውጫ ያጣል፣ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን የለካ ሰው ድንጋዩ የረጋበትን ጊዜ ያገኛል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ፣ በኔቸር መጽሔት ላይ ውጤታቸውን አወጡ፦ የባዛልቱ አብዛኛው ክፍል የወጣው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ነገሩ ለብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት ቀስ እያለ የተከማቸ ነው የሚሉ ነበሩ።

ላቫ ሌላም ነገር ይመዘግባል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብረት ማዕድናት ሲቀዘቅዙ በጊዜው ወደነበረው መግነጢሳዊ ሰሜን ዞረው ይደርቃሉ። የምድር መግነጢስ ደግሞ አልፎ አልፎ ይገለበጣል፤ ሰሜን የነበረው ደቡብ ይሆናል። ናሙና ሲወሰድ የታችኛው ባዛልት በአንድ አቅጣጫ፣ የላይኛው በተቃራኒው ዞሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እሳቱ እየፈሰሰ ሳለ የምድር መግነጢስ ተገልብጧል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕረፍቱ እንመለስ። ቀዩ መስመር ሲወፍር፣ ዕረፍቱ ሲረዝም፣ አፈር ብቻ አይሆንም፤ ወንዝና ረግረግ ይኖረዋል፣ በውስጡም የሞተው ይቀበራል። ለዚህ ምርጡ ቦታ ከጎንደር በስተምዕራብ የሚገኘው ጭልጋ ነው። እዚያ ከባዛልቱ በላይ የተቀመጠ፣ የድንጋይ ከሰልና ጭቃ ያለበት ደለል አለ፤ ዕድሜው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ከዚያ ያገኙትን ሲያሳትሙ የአፍሪካ አጥቢ እንስሳት ታሪክ ውስጥ የነበረ ትልቅ ባዶ ቦታ ተሞላ። የዝሆን ዘመዶች ተገኙ፦ ፓሌኦማስቶዶን፣ ፊዮሚያ፣ እንዲሁም ቺልጋቴሪየም የተባለና በአገሩ ስም የተጠራ አዲስ ፍጥረት። አርሲኖይቴሪየምም ነበረ፤ አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ያሉት፣ መልኩ አውራሪስ፣ ዝምድናው ግን ከዝሆን ወገን የሆነ እንስሳ። ከጭልጋ በፊት ቀደም ብሎ የጠፋ ይመስል ነበር። ከዘንባባ ጋር የደን ቅጠሎችም ተገኝተዋል። ላቫው ከፈሰሰ ሁለትና ሦስት ሚሊዮን ዓመት በኋላ ያ ምድር ደንና ዝሆን ነበረው።

ሌላው ዕረፍት ለወሎ ሰው የበለጠ ቅርብ ነው፤ ገንዘብም ያለበት እሱ ነው። ወገል ጤና፣ ደላንታ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ እዚያ ኦፓል ተገኘና ጥቂት ሳይቆይ የወሎ ኦፓል በዓለም የከበረ ድንጋይ ገበያ ስም አወጣ። ቆፋሪዎቹ በገደል ወገብ ላይ ጉድጓድ እየገቡ የሚከተሉት አንዲት ቀጭን ንጣፍን ነው፤ ከላይዋም ከታችዋም ያለው ወፍራም ድንጋይ አያጓጓቸውም። ንጣፏ ውፍረቷ ብዙ ቦታ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ በስብሶ ሸክላ የሆነ የእሳተ ገሞራ አመድ ናት። ቤንጃሚን ሮንዶና ጓደኞቹ የደረሱበት ማብራሪያ ይህ ኦፓል የተፈጠረው በኦሊጎሲን አፈር ውስጥ ነው የሚል ነው፦ አመዱ ሲበሰብስ ሲሊካው በውሃ ሟሟ፣ በአፈሩ ቀዳዳና በሥሮች መካከል ሰረገ፣ ረጋ። የዕፅዋት ሥር ቅርጽ ይዘው የሚወጡ ኦፓሎች አሉ። በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ተራራ ውስጥ ዋጋ ያለው ያ አንድ ሜትር የማይሞላ ዕረፍት መሆኑ ይገርመኛል።

ያ አመድ ከየት መጣ? ከባዛልቱ ጎርፍ ጋርና ተከትሎም ሌላ ዓይነት እሳት ነበር። ይህኛው ወፍራም፣ ጋዝ ያፈነ፣ ሲወጣ የሚፈነዳ ሲሆን የሚተወውም ነጣ ያለ ሪዮላይትና የጋለ አመድ ተጣብቆ የረጋበትን ኢግኒምብራይት ነው። በየመንም በወሎም ተራሮች አናት ላይ ይታያል። ከፍንዳታዎቹ አንዳንዶቹ ከባድ ስለነበሩ አመዳቸው በህንድ ውቅያኖስ ወለል ላይ፣ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ በተቆፈረ ደለል ውስጥ ተገኝቷል። በዚሁ ወቅት ገደማ የዓለም አየር ንብረት ቀዝቅዟል፤ ሁለቱ ይያያዙ እንደሆነ ግን ያከራክራል። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎቹ የ1997 ጽሑፍ ራሱ የእሳቱንና የቅዝቃዜውን መገጣጠም አንስቷል።

የሚያከራክረው ሌላው ጉዳይ ያልሆነው ነገር ነው። በሳይቤሪያ የዛሬ 252 ሚሊዮን ዓመት እንዲህ ያለ ባዛልት ሲፈስ በባሕር ያለው ሕይወት እጅግ ብዙው ጠፋ። በደካን የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ሲፈስ፣ ከሰማይ ከወደቀው ዐለት ጋር ተደርቦ፣ ዳይኖሰሮች ያበቁበት ወቅት ነበር። የኢትዮጵያው ሲፈስ ግን ዓለም አቀፍ እልቂት አልተመዘገበም። የሳይቤሪያው በመጠን ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከዚያም በላይ ያ ላቫ የድንጋይ ከሰልና ጨው የሞላበትን ወለል በስቶ ሲወጣ ያንን ሁሉ አቃጥሎ ወደ አየር ለቆታል። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ሁለተኛው ምክንያት ነው፦ እሳቱ ብቻ ሳይሆን የሚያልፍበት ምድር ምን እንደያዘ ይወስናል። እኛ ጋ ያለፈው በአብዛኛው አሸዋና ኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ መከመር ነው። የመርሳን ከተማና የሀብሩን ወረዳ የሠራው ግን መቀደድ ነው። የዛሬ 29 እስከ 26 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ዓረቢያ ከአፍሪካ መራቅ ጀመረችና በመካከል ያለው ምድር ተወጠረ፣ ሳሳ፣ ሰመጠ። አፋር የሆነው የሰመጠው ነው። ከላይ የቀረው ደጋ ሆነ። ወልድያና መርሳ ያሉት በተቀደደው ጠርዝ ላይ ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ፤ ወልድያ 2,100 ገደማ፤ መርሳ 1,600 ገደማ፤ በአፋር ያለችው ሚሌ 500 ገደማ። ከደጋ እስከ በረሃ ያለው መንገድ በአውቶቡስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

ጠርዙ ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አልወረደም። ከመርሳ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ሜዳው እየወረደ ወደ አፋር ይሄዳል ብሎ ቢጠብቅ እንደገና ኮረብታ ይነሳበታል። ይህ ለብዙ ጂኦሎጂስት እንቆቅልሽ ነበር። በዚህ ጠርዝ ላይ ያሉት ስንጥቆች ብዙዎቹ ፊታቸው ወደ አፋር ሳይሆን ወደ ደጋው የዞረ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ምድር በብሎክ በብሎክ ተቆርጦ ወደ ምሥራቅ ዘምሟል። በብሎኮቹና በደጋው መካከል ጠባብ ረጃጅም ሸለቆዎች ቀሩ፦ ቦርከና፣ የጊራናና የመርሳ ሜዳ፣ ቆቦ፣ ራያ። ከካራ ቆሬ እስከ ራያ የሚዘረጋው የአዲስ አበባ፣ የደሴና የመቐለ መንገድ በብዙ ርቀቱ እነዚህን ሸለቆዎች ይከተላል። መንገድ ቀያሾች ያገኙት ቀላል መሬት የዘመሙት ብሎኮች የተዉት ክፍተት ነው።

የንጣፉን መዝመም የሚያሳየን ደግሞ እንደገና ቀዩ ነው። ላቫ ሲረጋ ውሃ ልክ ይተኛል። ዛሬ በአንድ ኮረብታ ላይ ቀይ መስመሮቹ ወደ ምሥራቅ አጋድለው ከታዩ፣ ያጋደለው ኮረብታው ራሱ ነው።

ሸለቆዎቹ ባዶ አልቀሩም። ደጋው እየፈረሰ ወረደባቸው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ድንጋዩን፣ ጠጠሩን፣ ጭቃውን አምጥቶ አራገፈ። ሻካራው ከተራራው ግርጌ፣ ድቃቁ መሃል ሜዳው ላይ ቀረ። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላ ዝርያ የሚሞክርበት ጥቁር ዋልካ፣ የመርሳ ብርቱካንና ማንጎ የቆመበት አፈር፣ ሁሉም የተፈጨ ኦሊጎሲን ነው። ባዛልት ካልሲየምና ማግኒዚየም አይሰስትም፤ ዋልካው ለምነቱንም ክፋቱንም ያገኘው ከዚያ ነው፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት በሬ የሚይዝ ጭቃ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጉድጓድ እያስቆፈረ መስኖ የዘረጋውም በዚህ ደለል ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ብሎ ነው።

ከሜዳው ከፍ ሲባል ውሃው የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው። የተሰነጣጠቀው ባዛልት ዝናቡን ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ቀዩ ሸክላ ግን አያሳልፍም። ውሃው ቀዩ ላይ ሲደርስ ቆሞ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ገደሉ ቀዩን በቆረጠበትም ቦታ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ምንጮች ብዙ ጊዜ በአንድ ከፍታ ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ መንደሮችም ምንጩን ተከትለው። ተመሳሳዩ ሸክላ ግን ሌላ ፊት አለው። ክረምቱ ሲከብድና ሸክላው ሲርስ፣ ከላዩ ያለው ድንጋይና አፈር ተንሸራትቶ ይወርዳል። በውርጌሳ አካባቢ የመሬት መንሸራተት ተመራማሪዎችን ሲያደክም ቆይቷል፤ የወልድያና የድልብ መንገድም በክረምት ከዚህ አያመልጥም። ተራራ ሲቆርጥ ቀይ መስመር ያገኘ መሐንዲስ መጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው የውሃ መውረጃውን ነው።

መቀደዱ አልቆመም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ በአፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ተከፈተ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ፣ ከሥር የገባው ቅልጥ ዐለትም ክፍተቱን ሞላው። ዛሬ ዋናው መከፈት የሚካሄደው እዚያ፣ መሃል አፋር ውስጥ ነው፤ የወሎ ጠርዝ በንጽጽር ዝግ ብሏል። ዝግ አለ ማለት ግን ተኛ ማለት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በካራ ቆሬ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ በሬክተር ከ6 በላይ ነበር፤ ማጀቴን አፈረሰ፣ መንገዱን ሰነጠቀ፣ ርዕደቱም ለወራት ቀጠለ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ይከታተሉት የነበሩት ፒየር ጉዋን በኋላ ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። ካራ ቆሬ ያለችው ከቦርከና ተነስቶ በመርሳና በቆቦ በኩል እስከ ራያ በሚሄደው የሸለቆዎች ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነው።